ለነከሰው ፔርኖ ተጠያቂው ማን ነው?



እኔ በወረታ ከተማ በአንድ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት የማገለግል ሰው ነኝ። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ ከመሆኑም በላይ የመኪናን ጥበብ ከማንም አልተማርሁም። ይሁን እንጂ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ሰው መጋዘኑንም ጋራዡንም በቁጥር በኩል አድርጎ ስለሚመለከታቸው፥ አንዳንድ ጊዜ መፍቻ ከያዘው ይልቅ ብዕር የያዘው የጥፋቱን ሥር ቀድሞ ሊያገኘው ይችላል። ዛሬ አሳቤን ለመግለጽ የተነሣሁትም ሥሩን ፈልጌ ባገኘሁት ጊዜ ከገዛ ጽሕፈት ጠረጴዛዬ ሥር ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

የፎገራ ሜዳ ምን ዓይነት አገር እንደ ሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ነገር ግን ለተነሣሁበት ጉዳይ መሠረት ስለ ሆነ በጥቂቱ ላንሣው። ርብና ጉማራ ከምሥራቁ ደጋ ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ እንደ ሸክላ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ እግር የነከረበትን ሁሉ አልለቅም ይላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የወረደው ጎርፍ ምን ያህል ቤተሰብ እንዳፈናቀለ የምናስታውሰው ብዙዎች ነን። ይኸው ውኃ ግን መከራ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ እንዲዘራ ካስተማሩ ወዲህ፥ ውኃ የሚተኛበት መሬት የእህል መሬት ሆነ። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በከተማችን የቆመው፥ የሩዝ መፈልፈያ ድምፅ ከመንገዱ ዳርና ዳር የሚሰማው፥ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣውና ቻይናዎች በሠሩት መንገድ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚሻገረው ጭነት በወረታ መገንጠያ የሚገናኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

እህሉና ንግዱ እየሰፋ በሄደ መጠን የቁፋሮው ሥራም በዛ። የውኃ ማስወገጃ ቦይ መክፈት፥ በጎርፍ የፈረሰ ዳር መልሶ ማቆም፥ ለሽንኩርት መስኖ ቦይ መጥረግ፥ የመጋዘን መሠረት ማውጣት፥ ከወንዝ ዳር የተከመረ አሸዋ በመኪና ላይ መጫን፥ እነዚህ ሁሉ ዱሮ በደቦና በዶማ ይሠሩ የነበሩ ሥራዎች ናቸው። ዛሬ ግን በስተ ፊቱ አፈር የሚያፍስ፥ በስተ ኋላው የሚቆፍር፥ ባክሆ ሎደር የሚባለው፥ ሕዝቡም በደፈናው እስካቫተር እያለ የሚጠራው መኪና ይፈጽማቸዋል። ይህ መኪና በእንግሊዝ አገር የጄሲቢ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1953፥ በአሜሪካ ደግሞ የኬዝ ኩባንያ በ1957 ለገበያ ካወጡት ወዲህ በዓለም ሁሉ የታናናሽ ሥራ ተቋራጮች ቀኝ እጅ ሆኗል። አዲሱን ለመግዛት አቅም ያለው ነጋዴ በእኛ ከተማ ጥቂት ስለ ሆነ፥ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ያገለገለውን ነው። ያገለገለ መኪና መግዛት ነውር የለበትም። ሆኖም ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የቀድሞውን ባለቤት ቸልተኝነት አብሮ እንደሚገዛ ማወቅ አለበት።

አሠሪዬም ከሁለት ዓመት በፊት ከእነዚህ አንዱን ገዙ። መኪናው ካለፈው ዓመት ጥቅምት እስከ ግንቦት ያለ ዕረፍት ሠራ። ሰኔ ሲገባና መሬቱ አልረገጥ ሲል፥ በግቢያችን ጥግ ባኬቱን ጭቃ ውስጥ እንደ ነከረ ቆመ። ክረምቱን በሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ከረመ። መስከረም ሲገባደድ የሽንኩርት ገበሬዎች የመስኖ ቦያቸውን እንድንጠርግላቸው ተዋዋሉንና መኪናው ተነሥቶ ሄደ። ኦፕሬተሩ የኋላውን ክንድ ዘርግቶ ባኬቱን ለማጠፍ መሪውን ሲስብ፥ እንደ በር ማጠፊያ ያለ ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎም ፔርኖውን ከቦታው የሚይዘው ብሎን ተቆረጠ። ባኬቱን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው ፔርኖና ከእርሱ በላይ ባለው አገናኝ ብረት ውስጥ ያለው ሁለተኛው ፔርኖ፥ ሁለቱም ከቦኮላቸው ጋር ተጣብቀው ነበር። መካኒኮች ይህን «ነክሷል» ይሉታል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። የክንዱ መገጣጠሚያ ማለት በብረት ጆሮዎች መካከል የገባ ወፍራም የብረት ዘንግ ነው፤ እርሱም ፔርኖ ይባላል። ፔርኖው የሚዞረው ቦኮላ በሚባል እጅጌ ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል እንደ ወረቀት የቀጠነ ክፍተት አለ፤ ያንን ክፍተት የሚሞላው ግራሶ ነው። ግራሶው ብረትን ከብረት ያለያያል፤ ከዳር ወጥቶም ጭቃና ውኃ እንዳይገባ በር ይዘጋል። ግራሶው ሲያልቅ በሩ ይከፈታል፤ ውኃ ይገባል፤ ብረቱ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከተፈጠረበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፥ ያንን ቀጭን ክፍተት ሞልቶ ሁለቱን ብረቶች እንደ አንድ ያደርጋቸዋል። ከዚያ በኋላ መሪውን የሚስብ ሰው ፔርኖውን በቦኮላው ውስጥ ማዞሩ ይቀርና በጆሮዎቹ ቀዳዳ ውስጥ ያዞረዋል። በመጨረሻም ክብ የነበረው ቀዳዳ ሞላላ ይሆናል። ፔርኖና ቦኮላ ይለወጣሉ፤ የተበላ ጆሮ ግን በብየዳ ተሞልቶ እንደ ገና መቦርቦር አለበት፤ ይህም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

እንግዲህ መኪናው እንደ ቆመ በእኛ ዘንድ የሆነውን ሳልደብቅ ልናገር። በመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት ያደረግነው ነገር ቢኖር መዶሻ ማንሣትና መጣል ብቻ ነው። የፔርኖው ፊት በእሳት የጠነከረ ብረት ነው፤ መዶሻውም እንዲሁ። ጠንካራ ከጠንካራ ሲጋጭ ስባሪው እንደ ጥይት ይወጣል። በሦስተኛው ቀን የወጣችው ስባሪ የረዳቱን ጉንጭ ከዓይኑ ሥር ቀደደችው። አንድ ጣት ያህል ከፍ ብትል ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ገንዘብ ብቻ አይሆንም ነበር። በአራተኛው ቀን ደግሞ አንዱ የኦክስጅን እሳት አምጥቶ ሊያነድበት ሲል፥ በከተማችን በሙያቸው የተከበሩ አንድ ሽማግሌ ባለ ጋራዥ ደርሰው «ልጆቼ፥ ግራሶ የታሸገበትን ብረት ከነአፉ ብታነዱት እንደ ቦምብ ነው፤ እጃችሁን አንሡ» ብለው አስቆሙ።

እኒህ ሰው ያሳዩን መንገድ ለብዙዎች ይጠቅማል ብዬ ስለማምን፥ እንደ ሰማሁትና እንዳየሁት በተራ እጽፈዋለሁ።

አንደኛ፥ መኪናው በደልዳላ መሬት ይቆማል፤ ክንዱና ባኬቱ መሬት ይነካሉ፤ ፔርኖው ሲወጣ የሚወድቀው ክፍል ሁሉ በወፍራም ግንድ ይደገፋል። ሞተሩ ጠፍቶ መሪዎቹ በየአቅጣጫው ይንቀሳቀሳሉ፤ ይኸውም በጎማ ቱቦዎቹ ውስጥ የታመቀው ኀይል እንዲለቅ ነው።

ሁለተኛ፥ ጭቃው ታጥቦ የግራሶ መግቢያው ኒፕል ይፈታል። ብዙ ጊዜ የተደፈነው ኒፕሉ ራሱ ነው። ቀዳዳው በሽቦና በቀጭን መሰርሰሪያ ይጠረጋል። አዲስ ኒፕል ተገጥሞ ግራሶ በፓምፕ ሲሞከር አንዳንዴ መገጣጠሚያው ያለ ሌላ ድካም ይላቀቃል። በአሮጌው ኒፕል ላይ መታገል ግን የተዘጋ ቤት ማንኳኳት ነው።

ሦስተኛ፥ ግራሶ አልገባ ካለ ዝገት የሚያላቅቅ ቀጭን ዘይት በሁለቱም ዳር እየተንጠባጠበ ያድራል። በማግሥቱም ይደገማል። ሽማግሌው «መድኃኒቱ ሌሊቱ ነው» ይሉ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

አራተኛ፥ ሙቀት ካስፈለገ ዘይቱ በደንብ ከተጠረገ በኋላ ነው። ኒፕሉ ወልቆ መተንፈሻ ይሰጠዋል፤ የጎማ ቱቦዎች ይርቃሉ፤ አሸዋና የእሳት ማጥፊያ በአጠገብ ይቀመጣል። የሚሞቀውም ፔርኖው ሳይሆን ዙሪያውን የያዘው የውጭው ብረት ነው፤ ውጭው ሲሞቅ ይሰፋልና።

አምስተኛ፥ ፔርኖ በመምታት ሳይሆን በመሳብ ይወጣል። ከፔርኖው የሚሰፋ ወፍራም የብረት ቱቦ በጆሮው ላይ ይደገፋል፤ በፔርኖው ጫፍ ብሎን ያለው ዘንግ ይያዛል፤ መካከሉ ቀዳዳ የሆነ የሃይድሮሊክ ክሪክ ይገጠምና ቀስ እየተባለ ይወጠራል። ተወጥሮ እንዳለ የውጭው ብረት በመዳብ ወይም በለስላሳ ብረት አማካይነት ጠቅ ጠቅ ይደረጋል። ካልለቀቀ ተወጥሮ ያድራል። በዘንጉ አቅጣጫ ማንም ሰው አይቆምም፤ ሲለቅ ተወርውሮ ይወጣልና።

ስድስተኛ፥ ይህ ሁሉ ካልሆነ ፔርኖው ከመካከሉ ይበሳል። ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት ይላላል፤ ከዚያም ይወጣል። ፔርኖው ለጥፋት ይዳረጋል፤ ጆሮው ግን ይድናል። ርካሹን ሠውቶ ውዱን ማዳን ይህ ነው።

በመጨረሻም አዲሱ ቦኮላ ሲገባ የግራሶ ቀዳዳው ከውጭው ቀዳዳ ጋር ፊት ለፊት መግጠሙ ይረጋገጣል። ይህ ካልሆነ መገጣጠሚያው ገና ከመጀመሪያው ቀን ውኃ ጥም ይዞት ይኖራል። ቀዳዳዎች መግጠማቸውን በጣት የሚፈትሽ ሰውም ጣቱን እንደ ሸጠ ይቁጠረው፤ መፈተሽ በብረት ነው።

በዚህ አኳኋን የመጀመሪያው ፔርኖ በክሪክ ወጣ፤ ሁለተኛው ግን እንቢ ስላለ ተበስቶ ወጣ። ሥራው ራሱ የፈጀው 3 ቀን ብቻ ነው። ሆኖም ያ ክሪክ በወረታ ስላልተገኘ ከባሕር ዳር እስኪመጣ 7 ቀን ጠበቅን። ፔርኖውና ቦኮላዎቹ እንደ ገና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው በባሕር ዳር ቶርኖ ቤት ተቀርጸው እስኪመለሱ ሌላ 5 ቀን ሄደ። ከመዶሻው 4 ቀን ጋር ሲደመር 19 ቀን መሆኑ ነው። በዚህ መካከል የሽንኩርት ገበሬዎቹ ሌላ መኪና በብዙ ልመናና በበለጠ ዋጋ አገኙ። ችግኛቸው በመደቡ ላይ ሳለ የቀናት መዘግየት ለእነርሱ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያርስ ሰው ያውቀዋል። እነርሱ ዘንድ ያጣነው ስም በየትኛው የመዝገብ ዓምድ እንደሚገባ እኔ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። አሠሪዬ ተቆጡ። መቆጣታቸውም አያስገርምም። ጠርተውኝ «መኪናው በኦፕሬተሩ ቸልተኝነት ተበላሽቷል፤ የጥገናው ወጪ ከደመወዙ እስኪያልቅ ይቆረጥ ብለህ ደብዳቤ ጻፍ» ሲሉ አዘዙኝ። ኦፕሬተሩ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ጎልማሳ ነው። ደብዳቤውን ለመጻፍ የግል ፋይሉን ከመደርደሪያ አወረድሁ። በፋይሉ ውስጥ ያገኘሁት ሦስት ቁራጭ ወረቀት ነው። አንዱ በሚያዝያ፥ ሁለተኛው በግንቦት፥ ሦስተኛው መኪናው በቆመበት በሰኔ የተጻፈ ነው። ሦስቱም ግራሶና ኒፕል እንዲገዛ የሚጠይቁ ናቸው። በሰኔው ወረቀት ላይ ልጁ ባልተስተካከለ ጽሕፈት «መኪናው ሳይቀባ ክረምቱን ከቆመ ይነክሳል» የሚል ቃል ጨምሮበታል። በሦስቱም ግርጌ «ለጊዜው ይቆይ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

በዚያን ጊዜ ያሰብሁትን በደንብ አስታውሳለሁ። ወጪ መቀነስ ከእኔ ይጠበቅ ነበር። ጎማና ናፍጣ ሊቀሩ አይችሉም፤ ያለ እነርሱ መኪናው በዚያው ቀን ይቆማል። ግራሶ ግን ቢቀር መኪናው በዚያው ቀን አይቆምም። ስለዚህ ሊቀር የሚችል ወጪ መሰለኝ። አሠሪዬም የወሩ ወጪ አነሰ ብለው አመሰገኑኝ፤ እኔም ምስጋናውን ተቀበልሁ። የተጠየቀው አንድ ባልዲ ግራሶ ዋጋው በእኛ መዝገብ ከመኪናው የአንድ ቀን ኪራይ ያነሰ ነበር።

ወረቀቶቹን ይዤ ወደ አሠሪዬ ገባሁ፤ በጠረጴዛቸው ላይም ዘረጋኋቸው። «ጋሼ፥ ደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ የሚቆረጠው የእኔ ነው» አልኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ የሰኔውን ወረቀት አንሥተው ደጋግመው አነበቡት። «ልጁ ነግሮናል ማለት ነው» አሉ፤ ደብዳቤውም ሳይጻፍ ቀረ። ይህን የምናገረው አሠሪዬን ለማወደስ ወይም ራሴን ለማንጻት አይደለም። እነዚያ ሦስት ወረቀቶች ጠፍተው ቢሆን ኖሮ፥ አንድ ሰው ባስጠነቀቀው ጥፋት ራሱ ይቀጣ ነበር። እኔም ደብዳቤውን በጥሩ ጽሕፈት ጽፌ ማኅተም እመታበት ነበር። በከተማችን ስንት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ተጽፎ ይሆን? ወረቀት ያልጻፈው፥ በቃል ብቻ የጠየቀው ኦፕሬተር ምን ማስረጃ ያቀርባል?

በሕግ በኩልም ቢሆን ነገሩ እንደምናስበው ልቅ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛ ደመወዝ ሊቆረጥ የሚችለው በሕግ፥ በኅብረት ስምምነት፥ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ መሠረት፥ አለዚያም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ እንደ ሆነ ይደነግጋል። የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ ሊበልጥ እንደማይችል ይወስናል። «እስኪያልቅ ይቆረጥ» ማለት እንግዲህ ከርኅራኄ ጉድለት በላይ አሠሪውን ራሱን በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ነገር ነው።

አሁን ቁጥሩን እንመልከት። አንድን የቁፋሮ መኪና በየጧቱ ግራሶ ለማጠጣት 15 ደቂቃ ይበቃል እንበል። በወር 25 የሥራ ቀን ቢኖር ድምሩ 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት 8 ወራት 50 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ቀኑ በ8 ሰዓት ሲታሰብ 6 ቀን ከሩብ ያህል ነው። እኛ ይህን 6 ቀን ከሩብ ላለመስጠት ብለን 19 ቀን ሰጠን። ከዚያም በላይ የረዳቱን ጉንጭ፥ የገበሬዎቹን እምነት፥ የፔርኖና የቦኮላ ዋጋ ጨመርን። ነጋዴ ነን የምንል ሰዎች ከዚህ የከፋ ንግድ ልናገኝ አንችልም።

ይህን አሳብ ለአንዳንድ ነጋዴዎች ባካፈልሁ ጊዜ ሁለት መቃወሚያ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ሚዛን የሚደፉ ስለ ሆኑ ልለፋቸው አልወድም።

የመጀመሪያው «ኦፕሬተሮች ግራሶውንም ናፍጣውንም ይሸጡታል፤ ስለዚህ ቢጠይቁም አንሰጥም» የሚል ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው የለም አልልም። ነገር ግን ሌባን ለመከላከል ብሎ ፈረስን በረኃብ መግደል ብልሃት አይደለም። ግራሶ የተቀባ መገጣጠሚያ ራሱ ምስክር ነው፤ ትኩሱ ግራሶ በዳሩ እንደ ቀለበት ወጥቶ ይታያል፤ ያልተቀባው ደግሞ ቀይ ዱቄት ያወጣል። ባለቤቱ ወይም ጸሐፊው በሳምንት አንድ ቀን ወደ መኪናው ወርዶ በዓይኑ ቢያይ ቁጥጥሩ ይበቃል። እኔ ግን ስምንት ወር ሙሉ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ሁለተኛው «መኪናው በሰዓት ስለሚከራይ ተከራዩ ለግራሶ ሰዓት አይከፍልም፤ ኦፕሬተሩም በሥራ ሰዓት ይቸኩላል» የሚል ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። መድኃኒቱ ግን በውላችን ውስጥ አለ። የኪራይ ውል ስንጽፍ የጧቱ 15 ደቂቃ ለጥገና የተተወና በባለ መኪናው ሒሳብ የሚታሰብ መሆኑን ብንገልጽ፥ ኦፕሬተሩም ለዚያ ጊዜ እንደሚከፈለው ቢያውቅ፥ የሚጣላ ሰው አይኖርም። በጭቃና በውኃ ውስጥ በሚሠራበት ቀን ደግሞ ማታ መኪናው ሲቆም መድገም ያሻል፤ ዋልካው ግራሶውን ስለሚጠርገው።

እንግዲህ ለአባላት ሁሉ የማቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ቀለሙንና ጎማውን ብቻ አይቶ ገንዘብ አይቁጠር። አዲስ ቀለም ብዙ ዝገት ይሸፍናል። ክንዱ ተዘርግቶ፥ ባኬቱ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ፥ ሞተሩ ጠፍቶና ክንዱ በግንድ ተደግፎ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በብረት ዘንግ ይነቅነቅ፤ ምን ያህል እንደሚላወስ ይታይ። በየኒፕሉ ግራሶ ይሞከር፤ የማይቀበለው ይጻፍ፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀነስ። የፔርኖ መያዣ ብሎን ተቆርጦ በብየዳ የተያዘ ከሆነ ያ መኪና ከዚህ በፊት ነክሶ እንደ ነበር ይወቅ።

መኪና ለክረምት ሲቆም በጭቃ ላይ አይቁም። ባኬቱ በእንጨት ላይ ይረፍ፤ መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ አሮጌው ግራሶ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ይጠጡ፤ በየሁለት ሳምንቱም ሞተሩ ተነሥቶ ክንዱ ይንቀሳቀስ። በሰኔ የሚወጣ አንድ ባልዲ ግራሶ የመስከረምን ዕዳ ይከፍላል።

የግራሶና የኒፕል መጠየቂያ ወረቀት በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በኦፕሬተሩ እጅ ይቅር። ጥያቄውን የከለከለ ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርምበት። «ለጊዜው ይቆይ» ብሎ የሚጽፍ ሁሉ ስሙን ከሥሩ እንዲያስቀምጥ ቢገደድ፥ ብዙ ነገር ለጊዜው አይቆይም ነበር።

ለምክር ቤታችን ለራሱ የማቀርበው ልመናም አለኝ። አንድ የሃይድሮሊክ ፔርኖ መሳቢያ ክሪክ ከነቱቦውና ከነዘንጉ ለአንድ ነጋዴ ብቻ ውድ ሊሆን ይችላል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚያስፈልግ ነገር ማንም ብቻውን አይገዛውም። አባላት ተዋጥተው ገዝተው በምክር ቤቱ እጅ ቢያስቀምጡትና በአነስተኛ ኪራይ ለሁሉም ቢሰጥ፥ እኛ የጠበቅነውን 7 ቀን ሌላው አይጠብቅም። ባሕር ዳር ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን መኪናው ቆሞ፥ ገበሬው ቆሞ፥ መንገዱም አንዳንድ ጊዜ ሳይመች ሲቀር፥ 55 ኪሎ ሜትር እንደ 500 ሊረዝም ይችላል። ደግሞም እንደ እኒያ ሽማግሌ ያሉ ባለሙያዎች ዕውቀታቸውን ይዘው ከማረፋቸው በፊት፥ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ለኦፕሬተሮችና ለረዳቶች የሁለት ቀን ትምህርት እንዲሰጡ ቢጋበዙ መልካም ነው። ለባለቤቶችና ለጸሐፊዎችም አንድ ሰዓት ቢጨመር ከሁሉ የሚጠቀሙት እነርሱ ይመስሉኛል።

አንዳንድ አንባቢ «ስለ አንድ ባልዲ ግራሶ ይህን ያህል መጻፍ ምን አስፈለገ» ይል ይሆናል። እኔ ግን ነገሩ ከግራሶ በላይ ነው እላለሁ። በንግድ ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚያይ ሰው አለ፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ደመወዙ ትንሽ፥ ጽሕፈቱም ያልተስተካከለ ነው። እርሱ ያየውን የሚሰማ ጆሮ ከሌለ፥ ጥፋቱ ሲደርስ ደግሞ ዕዳው በእርሱ ላይ ከተጫነ፥ ሁለተኛ ጊዜ አይናገርም። ያን ጊዜ የሚነክሰው የመኪናው መገጣጠሚያ ብቻ አይደለም፤ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለውም መገጣጠሚያ ይነክሳል። ለዚያኛው የሚሆን ክሪክ ከባሕር ዳርም አይመጣም።

አሁን በእኛ ግቢ የግራሶው ባልዲ የሚቀመጠው ከጽሕፈት ቤቴ በር አጠገብ ነው። ሲያጋምስ ራሴ አያለሁ፤ ሳልጠየቅም አስገዛለሁ። ኦፕሬተሩ በየጧቱ ሲወስደው «ጋሼ፥ ዛሬም አለ?» ይለኛል፤ እኔም «አለ» እላለሁ። አነጋገሩ ሰላምታ ይመስላል፤ ሁለታችንም ግን ምን ማለት እንደ ሆነ እናውቀዋለን።

አሳቤ ይህ ነው። ከዚህ የተሻለ መንገድ የሚያውቅ ባለሙያ ወይም ነጋዴ ቢኖር በዚሁ ጋዜጣ እንዲጽፍልን በትሕትና እለምናለሁ።

ከወረታ፥ አንድ የነጋዴ ጸሐፊ